ትንሽ ገንዘብ በቢትኮይን መንገድ ላይ

ቢትኮይንን ለዓለም ያስተዋወቀው ባለ ዘጠኝ ገጽ ሰነድ የወጣው እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 31 ቀን 2008 ነው። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) ሳቶሺ ናካሞቶ በሚል ስም የጻፈው ሰው ማንነት እስከ ዛሬ አልታወቀም፤ ያነሳው አቤቱታ ግን ግልጽ ነው። በኢንተርኔት የሚከፍል ሰው በባንክ ወይም በካርድ ኩባንያ በኩል ማለፍ ግድ ይሆንበታል። እነዚህ ደግሞ በገዢና በሻጭ መካከል ለሚነሳው ክርክር ሁሉ ዳኛ ስለሚሆኑ ወጪ አለባቸው፤ ወጪው በእያንዳንዱ ክፍያ ላይ ይጫናል፤ በዚህ የተነሳ አነስተኛ ክፍያ ከነጭራሹ የማያዋጣ ይሆናል። ሰነዱ ገና በመጀመሪያው ገጹ የሚናገረው ይህንን ነው። ዛሬ ቢትኮይን ሲነሳ ወሬው ሁሉ የዋጋው መውጣትና መውረድ ስለሆነ መነሻው ተረስቷል። የተነሳው ለትንሹ ከፋይ ተከራክሮ ነበር።

እኔ ይህን አቤቱታ በሰነድ ከማንበቤ በፊት በመስኮት አውቀዋለሁ። ከዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ፣ እንጀራና በርበሬ በሚሸጥበት ሱቅ ጥግ ባለች የገንዘብ መላኪያ መስኮት ማታ ማታ እሠራ ነበር። የላኪው ዓይነት ብዙ ነው፤ የማይረሳኝ ግን ትንሽ የሚልከው ነው። አንድ ምሽት ነጠላቸውን በጃኬት ላይ የደረቡ እናት መጥተው እንዲህ ተባባልን፦

«ለአርባ ዶላር ስንት ነው የምትቆርጡት ልጄ?»

«አምስት ዶላር ነው እማማ።»

«ለመቶስ?»

«ለመቶም አምስት ነው።»

«እንግዲያስ መቶ ሲሞላልኝ እመለሳለሁ።»

አርባ ዶላሩ የእህታቸው የደም ግፊት መድኃኒት መግዣ ነበር። መቶ እስኪሞላ ስንት ሳምንት እንደፈጀ አላውቅም። ሒሳቡን ግን በዚያው ምሽት ወረቀት ላይ ሠራሁት፤ ከአርባ ላይ አምስት ማለት 12.5 በመቶ ነው፣ ከመቶ ላይ አምስት በመቶ ነው፣ ከአምስት መቶ ላይ አንድ በመቶ ነው። ከዚያ ወዲህ ገንዘብ በቀላሉ ይላካል የሚል አዲስ ነገር በመጣ ቁጥር የምጠይቀው አንድ ጥያቄ አለኝ፦ አርባ ዶላር የያዘውስ ሰው? የቢትኮይንን የመላኪያ ክፍያ ታሪክም የተከታተልኩት በዚህ ጥያቄ ነው።

ችግሩ የመስኮቱ ብቻ አልነበረም። አሜሪካ ውስጥ በኢንተርኔት በካርድ ለሚቀበል ሻጭ የተለመደው ክፍያ 2.9 በመቶና 30 ሳንቲም ነው። መቶኛው ሁሉንም እኩል ይነካል፤ 30 ሳንቲሟ ግን የምትነክሰው ትንሹን ነው። አንድ ዶላር የተቀበለ ሻጭ ሲሦው ይወሰድበታል። የሳንቲም ክፍያን በኮምፒውተር ለማሳለጥ ከቢትኮይን በፊትም ተሞክሯል። ዴቪድ ቾም የመሠረተው ዲጂካሽ የተባለው ኩባንያ በኤሌክትሮኒክ ገንዘብ ብዙ ተስፋ አሳድሮ በ1998 ከሰረ። ቢትኮይን የመጣው ከእነዚህ ሙከራዎች በኋላ ነው።

መጀመሪያ ላይ መላክ በነጻ ነበር። ጃንዋሪ 12 ቀን 2009 ሳቶሺ ለፕሮግራም ጸሐፊው ሃል ፊኒ 10 ቢትኮይን ሲልክ ምንም አልከፈለም። ብሎክ የሚባለው የሒሳብ ገጽ በአማካይ በየአሥር ደቂቃው ይዘጋል፤ ያን ጊዜ ገጹ ባዶ ስለነበር ቦታ የሚሻማ አልነበረም። ገጹን የሚዘጉት ማይነሮችም ለድካማቸው በየብሎኩ 50 አዲስ ቢትኮይን ያገኙ ስለነበር ከላኪው የሚጠብቁት ነገር አልነበረም።

ነጻ ነበር ሲባል ግን አንድ የሚዘለል ነገር አለ፤ በነጻ የሚያልፈውን የሚመርጥ ደንብ ነበር። በየብሎኩ ጥቂት ቦታ በነጻ ለሚላክ ገንዘብ ይተው ነበር፤ ተራው የሚደርሰው በገንዘቡ መጠንና ሳይንቀሳቀስ በቆየበት ጊዜ ብዜት ነበር። መስፈሪያው አንድ ቢትኮይን ለአንድ ቀን ተቀምጦ ከሆነ ያልፋል የሚል ነበር። ሒሳቡን ስንከተለው፣ የመቶኛ ቢትኮይን ባለቤት ያንኑ ተራ ለማግኘት መቶ ቀን መጠበቅ ነበረበት። በዚያ ላይ ከ0.01 ቢትኮይን በታች የሚልክ ሰው ነጻው መንገድ ተዘግቶበት 0.01 ቢትኮይን እንዲከፍል ይደረግ ነበር። የደንቡ ዓላማ ሰውን መጉዳት አልነበረም። ዋጋ የሌላቸውን ቅንጥብጣቢ መላላኮች በሚሊዮን እየረጨ መዝገቡን የሚያጨናንቅ ተንኮለኛ እንዳይመጣ ለመከላከል ነበር፤ በዚያን ጊዜ ዋጋም 0.01 ቢትኮይን ከሳንቲም በታች ነበረች። ያም ሆኖ ልብ በሉ፤ ለትንሹ ከፋይ ተከራክሮ የተነሳው ሥርዓት ገና በጠዋቱ ትንሹን ከፋይ ከአጥፊው መለየት አልቻለም። በእኔ እምነት ከዚያ በኋላ የመጣው ሁሉ የዚህ ተከታይ ነው።

ሳቶሺ ራሱ ይህን አልደበቀም። በ2010 ሲጠየቅ ቢትኮይን በጣም ለጥቃቅን ክፍያ፣ ለምሳሌ አንድ ገጽ ባነበብክ ቁጥር ለሚከፈል ሽርፍራፊ፣ ገና እንደማይመች ተናግሯል። ካርድ ከሚያስችለው ያነሰ ክፍያ ግን ያስችላል ብሎ ነበር። ይህ ሐቀኛ መልስ ነው። በኋላ «ቡና ግዙበት፣ በነጻ ላኩበት» እያሉ የሸጡት ሰዎች መልሱን ቢያነቡት ኖሮ ብዙ ሰው ባልተጎዳ ነበር።

የክፍያው አሠራር ቁልጭ ብሎ የሚታየው ግን ሁሉም በሚያውቀው የፒዛ ታሪክ ውስጥ ነው። ሜይ 22 ቀን 2010 ፍሎሪዳ የሚኖረው ላዝሎ ሃንዬትዝ ሁለት ፒዛ በ10,000 ቢትኮይን ገዛ። ሰው ሁሉ የሚያወራው ያ 10,000 ዛሬ ስንት ሚሊዮን ዶላር ይሆን እንደነበር ነው። እኔን የሳበኝ ሌላ ነው። የዚያ ክፍያ መዝገብ እስከ ዛሬ ለማንም ክፍት ነው፤ ገብተው ሲያዩት የመላኪያ ክፍያው 0.99 ቢትኮይን ነው። በጊዜው ዋጋ ግማሽ ሳንቲም እንኳ አይሞላም። ነገር ግን ሌላው ሰው በነጻ ሲልክ ላዝሎ ለምን ከፈለ? መዝገቡ ይመልሳል፤ 10,000ው አንድ ላይ የተቀመጠ ገንዘብ አልነበረም። በተለያየ ጊዜ ከተቀበላቸው 131 ቁራጮች የተሰበሰበ ነበር። ቢትኮይን የተቀበላችሁትን ገንዘብ በአንድ ድምር አያስቀምጥም፤ እያንዳንዱ የተቀበላችሁት ለብቻው ይቀመጣል፣ ስትከፍሉም ለእያንዳንዱ ቁራጭ ለየብቻ ትፈርማላችሁ። 131 ፊርማ ያለበት የላዝሎ ክፍያ 23 ሺህ ባይት አልፎ ነበር፤ ተራ ክፍያ ከ300 ባይት በታች ነው።

ነገሩ ወዲህ ነው፤ የቢትኮይን መላኪያ ክፍያ የሚሰላው በምትልኩት ገንዘብ መጠን ሳይሆን መልእክታችሁ በብሎኩ ውስጥ በሚይዘው ቦታ ነው። ከመርካቶ ዕቃ የሚጭን የአይሱዙ ሾፌር ሣጥኑ ውስጥ ወርቅ ይሁን ጨው ሳይጠይቅ በያዘው ቦታ ልክ ዋጋ እንደሚቆርጥ ነው። ማይነሩ የሚያየው በአንድ ባይት ስንት ሳቶሺ እንደቀረበለት ብቻ ነው፤ ሳቶሺ የቢትኮይን አንድ መቶ ሚሊዮንኛ ነው። ያልተስተናገዱት ክፍያዎች ሜምፑል በሚባለው መጠበቂያ ይከማቻሉ፤ ብዙ የሰጠ ይቀድማል፣ ጥቂት የሰጠ ይጠብቃል። ዋጋውን የሚተምን መሥሪያ ቤት የለም፤ ላኪዎች እርስ በርሳቸው የሚጫረቱበት የማያቋርጥ ጨረታ ነው።

በቁጥር እንየው። ዛሬ በተለመደው አሠራር አንድ ቁራጭ አውጥቶ ለአንድ ሰው ከፍሎ መልሱን ለራሱ የሚመልስ ሰው 141 ባይት ያህል ይይዛል። ለስሌት እንዲመች አንድ ቢትኮይን 60,000 ዶላር ነው እንበል። መንገዱ ክፍት ሆኖ በባይት 2 ሳቶሺ በሚበቃበት ቀን መላኪያው 282 ሳቶሺ ነው፤ 17 ሳንቲም ማለት ነው። በባይት 20 ሲሆን 1 ዶላር ከ69 ሳንቲም ይሆናል። ተጨናንቆ 300 ሲገባ 25 ዶላር ከ38 ሳንቲም ይደርሳል። አርባ ዶላር ለሚልክ ሰው የመጀመሪያው ግማሽ በመቶ አይሞላም፣ ሁለተኛው ከ4 በመቶ በላይ ነው፣ ሦስተኛው ከገንዘቡ ከግማሽ በላይ ይበላል። አርባ ሺህ ዶላር ለሚልክ ሰው ግን ሦስቱም ያው ኢምንት ናቸው። በሲልቨር ስፕሪንጓ መስኮት ያየሁት ያ የአምስት ዶላር ቁርጥ ሒሳብ እዚህም አለ፤ ልዩነቱ እዚህ ቁርጡ ከሰዓት ሰዓት መለዋወጡ ነው።

ቦታው የጠበበው በአንድ ውሳኔ ነው። በ2010 ሳቶሺ አንድ ብሎክ ከአንድ ሚሊዮን ባይት እንዳይበልጥ የሚል ገደብ አስገባ፤ ይህም ዓላማው መከላከል ነበር። ተራው ክፍያ 226 ባይት ከሆነ በአንድ ብሎክ ከአራት ሺህ ጥቂት ከፍ ያለ ብቻ ይገባ ነበር፤ ይህም ለመላው ዓለም በሴኮንድ ሰባት ያህል ማለት ነው። በ2010 ሰባቱም ተርፎ ይቀር ነበር። ገደቡ መሰማት የጀመረው በ2012 ሳቶሺዳይስ የሚባል የቁማር ጨዋታ ሲመጣ ነው። ተጫዋቹ የላካት እያንዳንዷ ውርርድ በመዝገቡ ላይ ትሰፍራለች፤ ለተሸነፈውም እንዳልቀናው ማሳወቂያ እጅግ ጥቂት ሳቶሺ ይላክለታል። የመዝገቡ ብዙ ቦታ በዚህ ተሞላ። የሶፍትዌሩ አዘጋጆች በሜይ 2013 ባወጡት እትም ከ5,430 ሳቶሺ በታች የሆነ ክፍያ እንዳይተላለፍ አደረጉ። ያን ጊዜ ይህ ከአንድ የአሜሪካ ሳንቲም በታች ነበር፤ «አቧራ» የሚል ስም ወጣለት። ገደቡ በኋላ ወደ 546 ሳቶሺ ወረደ፤ አቧራ የሚለው ስም ግን እስከ ዛሬ አለ።

በአንጻሩ የዝቅተኛውን ክፍያ ልክ በተደጋጋሚ የቀነሱት እነዚሁ አዘጋጆች እንደሆኑ መናገር ተገቢ ነው። 0.01 ቢትኮይን የነበረው በ2011 ወደ 0.0005፣ በ2013 ወደ 0.0001 ወርዷል። ባይቀንስ ኖሮ፣ ቢትኮይን 30 ዶላር በነካበት በ2011 እንኳ የመጀመሪያው ልክ 30 ሳንቲም በሆነ ነበር፤ በካርድ ክፍያ ላይ ትንሹን የምትነክሰው ሳንቲምም ያችው ናት። በነጻ የማለፉ ተራ ደግሞ በ2016 እየተተወ መጥቶ በ2017 ከሶፍትዌሩ ጨርሶ ወጣ።

ከ2015 እስከ 2017 በብሎኩ መጠን ላይ የነበረው ጠብ ለብዙ ሰው የቴክኒክ ክርክር ይመስለዋል። በእኔ እይታ ግን ትንሹን ከፋይ ማን ይሸከመው የሚል ክርክር ነበር። በአንድ ወገን ፕሮግራም ጸሐፊዎቹ ማይክ ሄርን እና ጋቪን አንድረሰን ነበሩ። ጋቪን በ2010 ለጠየቀ ሁሉ አምስት አምስት ቢትኮይን በነጻ ያድል የነበረ ሰው ነው። ብሎኩ ወደ 8 ሚሊዮን ባይት ይደግ አሉ። ተራው ሰው በሳንቲም እንዲከፍል ቦታው መስፋት አለበት የሚል ነው ክርክራቸው። በሌላው ወገን ያሉት ደግሞ ብሎኩ ከሰፋ መዝገቡን በቤቱ ኮምፒውተር የሚያመሳክር ሰው አይኖርም፣ መዝገቡ ትልልቅ የኮምፒውተር አዳራሽ ባላቸው ጥቂት ድርጅቶች እጅ ይገባል፣ ያን ጊዜ ወደ ባንክ ተመለስን ማለት ነው አሉ። ይህም ለተራው ሰው መከራከር ነው፤ ቀላል ክርክር አይደለም፣ እኔም አከብረዋለሁ። የሚያሳዝነኝ ሌላ ነው። በፌብሩዋሪ 2016 ሆንግ ኮንግ ላይ፣ በሜይ 2017 ኒውዮርክ ላይ ለስምምነት የተቀመጡት ማይነሮች፣ ፕሮግራም ጸሐፊዎችና ኩባንያዎች ነበሩ። አርባ ዶላር የሚልከው ሰው በሁለቱም ጠረጴዛ ላይ ወኪል አልነበረውም።

ሄርን በጃንዋሪ 2016 ተስፋ ቆርጦ ወጣ። ኦገስት 1 ቀን 2017 ብሎኩ ይስፋ ያሉት ቢትኮይን ካሽ የሚባል የራሳቸውን ገንዘብ ይዘው ተለዩ። የቀሩት በዚያው ወር ሰግዊት የተባለውን ማሻሻያ ሥራ ላይ አዋሉ፤ ይህም ፊርማውን በቅናሽ እየቆጠረ ቦታውን በመጠኑ አሰፋ። ግን ዋሌት የሚባሉት የመላኪያ ፕሮግራሞች እስኪለምዱት ጊዜ ይፈልግ ነበር፤ ጊዜው ደግሞ አልነበረም።

ዲሴምበር 2017 መጣ። የቢትኮይን ዋጋ ወደ 20,000 ዶላር ሲጠጋ ሁሉም በአንድ ጊዜ ሊልክ ተሻማ፤ በወሩ ማገባደጃ አማካይ የመላኪያ ክፍያ ከ50 ዶላር በላይ ሆነ። የኮምፒውተር ጨዋታ የሚሸጠው ስቲም በዲሴምበር 6 ቢትኮይን መቀበል አቆመ። የሰጠው ምክንያት ሲጀምር 20 ሳንቲም አካባቢ የነበረው መላኪያ 20 ዶላር መግባቱን ነው። አስር ዶላር ለሚያወጣ ጨዋታ ሃያ ዶላር መላኪያ! በጃንዋሪ 2018 ማያሚ ላይ የተካሄደው የቢትኮይን ጉባኤ እንኳ በመጨረሻዎቹ ቀናት ለመግቢያ ትኬት ቢትኮይን መቀበል ትቶ ነበር።

በዚያው ዲሴምበር አንድ የማውቀው ተማሪ ስልኩን ይዞ ሱቁ ድረስ መጣ። በ2016 አጫጭር ጽሑፎችን በኢንተርኔት እየተረጎመ በሥራው ልክ ሃያ ሃያ ሺህ ሳቶሺ ይከፈለው ነበር፤ ያን ጊዜ ቁራጯ 12 ሳንቲም ታወጣለች። አሁን ቢትኮይን 15,000 ዶላር በገባበት ቀን እያንዳንዷ ሦስት ዶላር ሆናለታለች፤ ደስ ብሎት ለእናቱ ሊልክ ነበር። ዋሌቱ ግን አልልክም ይለዋል። ቁጭ ብለን አሰላነው። በዚያ ቀን መንገዱ በባይት 500 ሳቶሺ ይጠይቃል፣ አንዷን ቁራጭ ለማውጣት 148 ባይት ያስፈልጋል፤ ስለዚህ አንዷን ማንቀሳቀስ 74,000 ሳቶሺ ነው። ሦስት ዶላር የምታወጣ ቁራጭ ለመክፈል 11 ዶላር ማለት ነው። ብዛታቸው ምንም አይረዳውም፤ እያንዳንዷ በራሷ አክሳሪ ናት። አንድ ሰው ላቡን ያፈሰሰበት ገንዘብ በስሙ ተመዝግቦ፣ ቁልፉ በእጁ ሆኖ፣ ግን መንካት የማይችልበትን ሁኔታ ያየሁት ያን ቀን ነው። በወራት ጊዜ ውስጥ መላኪያው ወርዶ ገንዘቡን አወጣው። እናቱ ግን ለገና አልደረሰላቸውም።

መፍትሔ የተባለው አስቀድሞ ተጠንስሶ ነበር። ጆሴፍ ፑን እና ታዴየስ ድራይጃ በ2015 መብረቅ የሚል ትርጉም ያለውን የላይትኒንግ ኔትዎርክ ሐሳብ አቀረቡ፤ በ2018 ሰዎች በእውነተኛ ገንዘብ ይጠቀሙበት ጀመር። ሁለት ሰዎች ገንዘብ በጋራ ቁልፍ ይቆልፋሉ፤ ከዚያ በመካከላቸው የሚመላለሰውን ሒሳብ ከመዝገቡ ውጪ ይይዛሉ። መዝገቡ ላይ የሚሰፍረው ሲከፍቱና ሲዘጉ ብቻ ነው። በእነሱ በኩል ለሌላ ሰው ማሻገርም ይቻላል። አሻጋሪው የሚያስከፍለው ጥቂት ሳቶሺና ከሚሻገረው ገንዘብ በሚሊዮንኛ የሚቆጠር ትንሽ ድርሻ ነው። ታሪካዊ የምለው ይህን ነጥብ ነው፤ ክፍያው በገንዘቡ መጠን ተሰላ፣ አምስት ሳንቲም መላክም ትርጉም አገኘ። ጉድለቱ መግቢያው ላይ ነው። በሩን ለመክፈት ዋናው መዝገብ ላይ ሙሉ ዋጋ ይከፈላል፤ ለመቀበልም ሌላው ሰው ወደ እናንተ የቆለፈው ገንዘብ መኖር አለበት። ስለዚህ ብዙው ሰው ገንዘቡን በአደራ የሚይዝለት ኩባንያ ዋሌት ይመርጣል። ኤል ሳልቫዶር በሴፕቴምበር 2021 ቢትኮይንን ሕጋዊ መገበያያ ስታደርግ ለሕዝቡ የሰጠችው ቺቮ የተባለ ዋሌትም እንዲሁ በመንግሥት በኩል የሚያዝ ነበር።

ሌሎቹ ገንዘቦች በየፊናቸው ሞክረዋል። ኤቴሪየም የሚያስከፍለው በሥራው ክብደት ነው፤ ተራ መላክ ጋዝ በሚባለው መለኪያ 21,000 ይፈጃል፣ የጋዙ ዋጋ ደግሞ እንደ መንገዱ መጨናነቅ ይለዋወጣል። በ2017 መጨረሻ ክሪፕቶኪቲስ የተባለ የድመት ሥዕል መገበያያ ጨዋታ ብቻውን መንገዱን አጨናነቀው። ስቴላር የሚያስከፍለው ዝቅተኛ ልክ የአንድ ሉሜን መቶ ሺህኛ ነው። ዛሬ ትንሽ ገንዘብ የሚልከው ብዙ ሰው የሚጠቀመው ቴዘር የሚባለውን ከዶላር ጋር የታሰረ ገንዘብ ትሮን በሚባለው መንገድ ነው። እዚያም ወጥመድ አለ፤ ሃያ ዶላር ቴዘር የያዘ ሰው ለመላኪያ የሚሆን የትሮን የራሱ ገንዘብ ከሌለው በተለመደው አሠራር ሃያውን ዶላር ማንቀሳቀስ አይችልም።

ቢትኮይን ላይ ጭንቅንቁ ተመልሶ መጣ። በ2023 ኬሲ ሮዳርሞር በጀመረው ኦርዲናልስ የተባለ ዘዴ ሰዎች ሥዕልና ጽሑፍ ብሎኩ ውስጥ ማስፈር ጀመሩ፤ በሜይ መላኪያው እንደገና ናረ። በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ፓክሶስ የተባለው ኩባንያ 2,000 ዶላር ገደማ ሲልክ በሶፍትዌር ስህተት 19.8 ቢትኮይን፣ ወደ ግማሽ ሚሊዮን ዶላር፣ መላኪያ ከፈለ። ብሎኩን የዘጋው ኤፍቱፑል የተባለው የማይነሮች ቡድን መልሶለታል። ኤፕሪል 20 ቀን 2024 ደግሞ 840,000ኛው ብሎክ ሲዘጋ ከዚያች አንዲት ብሎክ ብቻ 37 ቢትኮይን ያለፈ መላኪያ ተሰበሰበ፤ የዕለቱ አማካይ ከ120 ዶላር በላይ ነበር።

ያች ብሎክ ሌላም ነገር ነበራት። ማይነሮች የሚያገኙት አዲስ ቢትኮይን በአራት ዓመት ገደማ አንዴ በግማሽ ይቀነሳል፤ 50 የነበረው 25፣ 12.5፣ 6.25 እያለ በዚያ ቀን 3.125 ሆነ። እየተቀነሰ ሄዶ ሲያልቅ የማይነሮች መተዳደሪያ የላኪዎች ክፍያ ብቻ ይሆናል፤ ይህም ከጥንስሱ የታሰበበት ነው። ስለዚህ በዋናው መዝገብ ላይ መላኪያው ለዘለቄታው ርካሽ ይሁን ብሎ መመኘት ዘቡን ያለ ደሞዝ አቁሙት እንደማለት ነው። መዝገቡን የሚጠብቅ ኮምፒውተርና ኤሌክትሪክ አለ፤ የሚከፍልለትም መኖር አለበት። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ የዚያ ኤሌክትሪክ አንዱ ምንጭ የእኛው ወንዞች ናቸው፤ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ለቢትኮይን ማይነሮች ኃይል ሲሸጥ ቆይቷል። ሜሪላንድ ያለ ሰው የሚከፍለው መላኪያ ኢትዮጵያ ውስጥ ለሚያጉረመርም ማሽን ሊደርስ ይችላል። በአንጻሩ የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ክሪፕቶ በሚባለው ዲጂታል ገንዘብ መገበያየት ሕገወጥ መሆኑን በ2022 አስጠንቅቋል።

የዚያን መስኮት ሥራ ትቼ ዛሬ የሒሳብ መዝገብ እይዛለሁ፤ ጥያቄው ግን በየበዓሉ፣ በየለቅሶው ይከተለኛል። ከሰሃራ በታች ወዳለው አፍሪካ 200 ዶላር መላክ በአማካይ ከ7 እስከ 9 በመቶ እንደሚያስወጣ የዓለም ባንክ መዛግብት ያሳያሉ፤ የተባበሩት መንግሥታት በ2030 ከ3 በመቶ በታች ይውረድ ብሎ ግብ አስቀምጧል። ሰው ሌላ መንገድ ቢፈልግ አልፈርድበትም። የእኔ ፍርድ ይህ ነው፤ የቢትኮይን ዋናው መዝገብ ለትንሽ ገንዘብ የሚሆን መንገድ አይደለም፣ ይህንንም ለሰው በግልጽ መናገር የሻጩ ግዴታ ነው።

በውጭ አገር ሆናችሁ በጥቂት በጥቂቱ በክሪፕቶ የሚከፈላችሁ ወጣቶች ካላችሁ ይህን አድርጉ። ከመላካችሁ በፊት ዋሌቱ የሚጠይቃችሁን መላኪያ ከምትልኩት ጋር በመቶኛ አስሉት። የምትገዙበት ድርጅት ገንዘብ ስታወጡ የሚቆርጠው ሌላ ነው፣ የኔትዎርኩ ክፍያ ሌላ ነው፣ ወደ ዶላርና ከዶላር ስትመነዝሩ የሚጎድለው ደግሞ ሌላ ነው፤ ሦስቱንም ደምሩ። የተበታተኑ ቁራጮቻችሁን መንገዱ ርካሽ በሆነበት ቀን፣ ብዙ ጊዜ ቅዳሜና እሑድ፣ ወደ አንድ ሰብስቡ፤ እስኪወደድ አትጠብቁ። አገር ቤት ያለውን ተቀባይ ሕጉን ሳታጣሩ አደጋ ላይ አትጣሉት። በነጻ ይላካል የሚላችሁ ሰው ቢመጣ ደግሞ መላኪያውን ማን እየከፈለ እንደሆነ ጠይቁት፤ መልስ ካልሰጣችሁ ገንዘባችሁን አትስጡት።